ዓሣው እያነሰ መረቡ ለምን አያርፍም?

ስለ ባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ሲወራ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ዓሣው ከዓመት ዓመት እያነሰ መሄዱን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መረቡን የሚጎትተው የእነሱ እጅ ነው፤ ክብደቱን ያውቁታል። ታዲያ ለምን አይቀንሱም? ለምን አንድ ሁለት ዓመት አርፈው ባሕሩ እስኪያገግም አይጠብቁም?

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ነው። ውስጡ ግን ፍርድ አለበት። «አያውቁም» ወይም «ለነገ አያስቡም» የሚል ፍርድ። ብዙ ደንብ የወጣው፣ ብዙ ፕሮጀክትም መንገድ ላይ የቀረው ከዚህ ፍርድ በመነሳቱ ነው። እኔ ስለ ጉዳዩ ባነበብኩ ቁጥር የሚገባኝ ሌላ ነው። መልሱን ባሕሩ ውስጥ ከፈለግነው አናገኘውም። መልሱ ያለው ቤት ውስጥ ነው። በቤቱ ማን ምን ይሠራል? ቤቱ ለማን ዕዳ አለበት? ጀልባው ባዶውን የተመለሰ ዕለት ማታ ምን ይበላል? እነዚህን ሳያነሱ ስለ መረብና ስለ ዓሣ ብቻ ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነማን ናቸው?

አነስተኛ ዓሣ አጥማጅ የምንለው በትንሽ ጀልባ፣ በታንኳ ወይም በእግሩ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ የሚያጠምደውን ነው። ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት ይመለሳል፤ ወይም ማታ ወጥቶ ንጋት ላይ ይገባል። ሥራው የቤተሰብ ነው። ሞተር ያለው አለ፤ በመቅዘፊያና በሸራ የሚሄድም ሞልቷል።

«አነስተኛ» የሚለው ቃል ግን ያሳስታል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ በ2023 አንድ ትልቅ ጥናት አውጥቶ ነበር። በዚያ ጥናት መሠረት በዓለም ላይ ከሚጠመደው ዓሣ ቢያንስ 40 በመቶው የሚመጣው ከእነዚሁ ትንንሽ አጥማጆች ነው። በማጥመዱና ከእሱ ጋር በተያያዘው ሥራ ከተሠማራው ሰው ደግሞ ከ10ሩ 9ኙ ያለው እዚህ ነው። በከፊልም ቢሆን ኑሮው በዚህ ላይ የቆመ ሕዝብ ወደ 492 ሚሊዮን ይጠጋል። ስለዚህ የምናወራው ዳር ላይ ስለቀሩ ጥቂት ሰዎች አይደለም።

ቤቱ በአንድ ሥራ ብቻ አይቆምም

ዓሣ አጥማጅ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ጀልባ ላይ የቆመ ወንድ ነው። ይህ ምስል ብዙ ነገር ጋርዶብናል።

እውነተኛው ቤት እንዲህ ነው። ባልየው ባሕር ላይ ነው። ሚስትየዋ ውኃው በሚሸሽበት ሰዓት ባልዲ ይዛ ወደ ተራቆተው ዳርቻ ትወርዳለች። ሸርጣን ትለቅማለች፣ ዛጎል ለበስ እንስሳትን ትሰበስባለች፣ ከድንጋይ ሥር ኦክቶፐስ የሚባለውን ባለ ስምንት ክንድ የባሕር እንስሳ ታወጣለች። ልጆቹም ይከተሏታል። ጀልባው ሲመለስ ዓሣውን ተቀብላ የምትለየው፣ የምታጥበው፣ ጨው የምትነሰንስበት፣ በጭስ የምታደርቀው፣ ገበያ አውጥታ የምትሸጠውም ብዙ ጊዜ እሷ ናት። አንዱ ልጅ ከተማ ወርዶ የቀን ሥራ ይሠራል። ጓሮ ካለ የሚተከል ነገር አይጠፋም። ጥቂት ዶሮም ይኖራል።

ይህ ሁሉ ሩጫ ያለ ምክንያት አይደለም። የባሕር ገቢ እንደ ደመወዝ አይደለም። ዛሬ ጀልባው ሞልቶ ይመጣል፤ ነገ ባዶውን ይመለሳል። ነፋስ በሚበረታበት ወቅት ለሳምንታት ጭራሽ መውጣት አይቻልም። ዓሣው ራሱ በጊዜው ይመጣል፣ በጊዜው ይሄዳል። ስለዚህ ቤቱ አንድ ምሰሶ ላይ አይደገፍም። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሸፍናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ለዋናው ጥያቄያችን ቀጥተኛ መልስ ስላለው ነው። ተመራማሪዎች በኬንያ ባሕር ዳርቻ ለሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች እንዲህ የሚል ጥያቄ አቅርበው ነበር። የምትይዙት ዓሣ ከዛሬው በግማሽ ቢቀንስ ምን ታደርጋላችሁ? ሥራውን ትተዋላችሁ ወይስ ትቀጥላላችሁ? ሻል ያለ ሀብት ያለውና በቤቱ ሌላ ሥራ ያለው ሰው እተዋለሁ ወደሚለው አዘነበለ። ድሃው ግን እቀጥላለሁ ያለው ይበዛል። ውጤቱ በ2009 ታትሟል።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ባሕሩን ለማሳረፍ ለካ አጥማጁ ራሱ አቅም ያስፈልገዋል። ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ሰው ዓሣው ባነሰ ቁጥር ብዙ ሰዓት ባሕር ላይ ይቆያል፣ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ የመረቡን ዓይን ያጠብባል። ትንንሹን ዓሣ ሳይቀር ይይዛል። ይህ ደግሞ ለከርሞ የሚያድገውን ይጨርሳል። ሰውየው የሚሆነውን እያየ ነው የሚያደርገው። ሆድ ለነገ አይልም።

የማትቆጠረው አጥማጅ

ወደ ሚስትየዋ ልመለስ፤ የእሷ ነገር ቶሎ የሚታለፍ አይደለም።

በብዙ አገር የዓሣ ስታቲስቲክስ የሚሰበሰበው ጀልባ ከሚራገፍበት ቦታ ነው። ባልዲ ይዞ ዳርቻ ላይ የሚለቅም ሰው እዚያ አይደርስም። የለቀመችው ሸርጣን ቤት ገብቶ ይበላል ወይም ጎረቤት ይገዛዋል። መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር እንደሌለ ይቆጠራል። በ2020 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ግምት ግን በአነስተኛ አጥማጅነት የሚሠሩ ሴቶች በዓመት ወደ 2.9 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የባሕር ምግብ እንደሚያገኙ ያሳያል። ይህ አጥበው፣ አድርቀውና ሸጠው የሚሠሩትን አይጨምርም። ያ ከተጨመረ፣ ቅድም ባነሳሁት የፋኦ ጥናት መሠረት፣ በዘርፉ ካሉት ሰዎች ከ10ሩ 4ቱ ሴቶች ናቸው።

አለመቆጠሯ ዋጋ ያስከፍላል። አንድ መሥሪያ ቤት የባሕሩን ጥልቀት የሌለውን ክፍል ለጥበቃ ልዝጋ ሲል የሚያማክረው ጀልባ ያለውን ነው። ጀልባ ያለው «ችግር የለም፣ ራቅ ብዬ አጠምዳለሁ» ይላል። ስምምነት ተደረሰ ተብሎ ይፈረማል። ጀልባ የሌላት ሴት ግን ራቅ ብላ የምትሄድበት የላትም። የተዘጋው ቦታ የእሷ ማሳ ነበር። ከዚያም ደንቡ ሲጣስ «ሕዝቡ አልተባበረም» ይባላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ያልተጠየቀ ሰው እንዴት ነው የሚተባበረው?

ሌላም አለ። ባልየው የሚይዘው ትልልቅ ዓሣ ለሽያጭ ይሄዳል። እሷ የምትለቅመውና ትንንሹ ዓሣ ግን ቤት ይቀራል። ትንንሽ ዓሣ እንዳለ፣ ከነአጥንቱና ከነጭንቅላቱ ሲበላ ካልሲየም፣ ብረት፣ ዚንክና ቫይታሚን ኤ ይሰጣል። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ይህ ትልቅ ነገር ነው። በገንዘብ ሲተመን ትንሽ የሚመስለው የእሷ ባልዲ በሳህን ላይ ሲታይ ትልቁን ድርሻ ሊይዝ ይችላል።

ከጀልባው እስከ ኪስ

አሁን ደግሞ ወደ ገንዘቡ። አንድ ጀልባ ዓሣ ሞልቶ ሲገባ ያየ ሰው አጥማጁ ዛሬ ተሳካለት ይላል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የጉዞው ወጪ ይነሳል። ነዳጅ፣ በረዶ፣ ለመንጠቆ የሚሆን ምግብ፣ ስንቅ። የቀረው ደግሞ በድርሻ ይከፈላል። ብዙ ቦታ ላይ ጀልባው ራሱ ድርሻ አለው፤ ሞተሩም፣ መረቡም እንደዚያው። እነዚህ ድርሻዎች የሚሄዱት ለባለቤቱ ነው። የተረፈውን ጀልባው ላይ የነበሩት ሰዎች እኩል ይካፈላሉ። ለምሳሌ ከሽያጩ 100 እጅ ቢገኝና 40ው ለነዳጅና ለበረዶ ቢሄድ፣ ከቀረው 60 ግማሹን የጀልባው ባለቤት ቢወስድ፣ አራቱ ሠራተኞች 30ውን ይካፈላሉ። ለአንዱ የሚደርሰው 7 እጅ ተኩል ነው። ቁጥሩን ለምሳሌ ነው ያመጣሁት፤ አካሄዱ ግን እንደዚሁ ነው።

ይህ የድርሻ አሠራር በራሱ ክፉ አይደለም። ባዶ ቀን ሲመጣ ኪሳራው ለሁሉም ይከፋፈላል። ነገር ግን ዓሣው ሲያንስ ከሁሉም ቀድሞ የሚጎዳው የሠራተኛው ድርሻ ነው። ነዳጁ እንደሆነ ዓሣ ተያዘም አልተያዘም ይቃጠላል።

ዋጋውም አለ። ዓሣ አይጠብቅም። በሙቀት ውስጥ ሰዓታት ሲቆይ ይበላሻል። በረዶ የሌለው ሰው ገዢው የሰጠውን ዋጋ ተቀብሎ መሄድ ነው ያለበት። የደቡብ ሕንዷ ኬራላ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሰርዲን አጥማጆች ዓሣቸውን ይዘው የሚሄዱት ወደ ለመዱት አንድ የባሕር ዳር ገበያ ነበር። እዚያ ዓሣ ከሞላ የሚገዛ ይጠፋል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ባለው ገበያ ግን ዓሣ ፈላጊ ባዶ እጁን ይመለሳል። በየቀኑ ከሚያዘው ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው እንዲሁ ይጣል ነበር። ከ1997 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የሞባይል ኔትዎርክ ወደ ዳርቻው ደረሰ። አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ እያሉ እየደወሉ ገበያ ማጣራት ጀመሩ። የሚጣለው ዓሣ ጠፋ ማለት ይቻላል። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ጄንሰን በ2007 ባሳተመው ጥናት መሠረት የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 በመቶ ከፍ ሲል ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ በ4 በመቶ ቀንሷል። አንድም ተጨማሪ ዓሣ ከባሕር ሳይወጣ ገቢ ጨመረ ማለት ነው። ስለ ባሕር ጥበቃ ሲታሰብ ስልክና በረዶ ብዙም ትዝ አይሉንም። ሊሉን ይገባል።

ዕዳው

አንድን ዓሣ አጥማጅ ባሕር ላይ አጥብቆ የሚይዘው ምንድነው ብትሉኝ ዕዳ ነው እላለሁ።

ባንክ ለዓሣ አጥማጅ አያበድርም ማለት ይቀላል። ማስያዣ የለውም፣ ገቢው አይታወቅም፣ ጀልባው ነገ ሊሰበር ይችላል። መረብ የተቀደደበት ሰው ግን ነገ ጠዋት ሌላ መረብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወደ ዓሣ ነጋዴው ይሄዳል። ነጋዴው ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ ወለድ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «የምትይዘውን ሁሉ ለእኔ ትሸጣለህ»። ዋጋውን የሚተምነው ራሱ ነጋዴው ነው። ወለዱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በባንግላዴሽ ይህ አሠራር ዳዶን ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ከእስያ እስከ አፍሪካና ላቲን አሜሪካ ዳርቻ ድረስ ወንድሙ አለ።

ነጋዴውን ዘራፊ ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን አይቀለኝም። ልጅ ታሞ ሌሊት ገንዘብ ሲያስፈልግ በሩ የሚንኳኳው የእሱ ነው። ባሕሩ ለወር ሲታወክ በዱቤ የሚያቆየው እሱ ነው። ለቤተሰቡ ባንክም፣ ኢንሹራንስም፣ ዘመድም ሆኖ ያገለግላል። ክፋቱ ያለው ከዚህ መውጫ አለመኖሩ ላይ ነው። ዕዳው አያልቅም፤ እንዲያልቅም አይፈለግም። ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ማረፍ አይችልም። ባሕሩ ይረፍ ብሎ ለሦስት ወር ቤቱ ቢቀመጥ ነጋዴው ዓሣ የት አለ ይለዋል።

«ማጥመድ ይቀነስ» የሚል ደንብ ሲወጣ ደንቡ የሚያወራው ከአጥማጁ ጋር ብቻ ነው። ከጀርባው ያለው ባለ ገንዘብ አይጠየቅም። ነጋዴው ትንንሽ ዓሣ የሚገዛ ከሆነ ትንንሽ ዓሣ ይያዛል። የመረቡን ዓይን ጥበት የሚወስነው ከአጥማጁ ይልቅ የመረቡን ገንዘብ የሰጠው ሰው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን አስባችሁበት ታውቃላችሁ?

ለምን ትልቋ ዓሣ ትፈለጋለች?

ስለ ዓሣው ራሱ ጥቂት ልበል። አንድ ነገር ብቻ ከያዝን ይበቃናል። የዓሣ እናት ባደገች ቁጥር የምትጥለው እንቁላል የሚጨምረው በርዝመቷ ልክ አይደለም፤ እጅግ በበለጠ ነው። ቀይ ስናፐር የሚባለው ዓሣ ላይ የተሠራው ሒሳብ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። 61 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላት አንዲት እናት የምትጥለው እንቁላል 42 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው 212 እናቶች ከሚጥሉት ጋር እኩል ነው። ደግማችሁ አንብቡት፤ አንዷ ለ212። ስለዚህ ትልልቆቹ እየተለቀሙ ሲያልቁ ባሕሩ ላይ ብዙ ዓሣ ያለ ቢመስልም መራቢያው ደርቋል። ጫጩቶቹ ደግሞ በመጀመሪያ ዕድሜያቸው የሚደበቁት ማንግሮቭ በሚባለው የባሕር ዳር ደን ሥር፣ በባሕር ሣር ውስጥና ኮራል ሪፍ በሚባለው ትንንሽ የባሕር እንስሳት በሠሩት ዓለታማ ግንብ መካከል ነው። ማንግሮቩ ለማገዶ ወይም ሽሪምፕ ለማርባት ለሚቆፈር ኩሬ ሲቆረጥ የዓሣው ማሳደጊያ ቤት አብሮ ይፈርሳል። ዓሣ ለማጨስ የሚነደው እንጨት ራሱ ከማንግሮቭ የሚመጣበት ቦታ አለ። እዚህም ያው የቤቱ ነገር ነው፤ ሌላ ማገዶ ከየት ይምጣ?

በወባ መከላከያ አጎበር ማጥመድም እንደዚሁ ነው። አጎበር ርካሽ ነው፣ አንዳንዴ በነፃ ይታደላል፣ ዋና ሳይችሉና ጀልባ ሳይኖራቸው ሁለት ሰዎች ጫፉን ይዘው ሊጎትቱት ይችላሉ። ዓይኑ ጠባብ ስለሆነ የሚያመልጠው የለም። ጥፋቱ ግልጽ ነው። የሚጎትቱት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ማጥመጃ መግዛት ያቃታቸው ሰዎች ናቸው።

የጋራ የሆነ ሁሉ ይጠፋል?

በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ምሁር አንድ ሐሳብ አስፋፍቶ ነበር። የጋራ የሆነ ሀብትን እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ስለሚሻማበት በመጨረሻ ይጠፋል፤ መንግሥት ካልያዘው ወይም ለግለሰብ ካልተሰጠ መዳን የለውም የሚል። ሐሳቡ ብዙ ባለሥልጣን አሳምኗል። ለብዙ ዓመታት የዓሣ ፖሊሲ በዚህ ዓይን ሲታይ ቆይቷል።

አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ወደ መሬት ወርዳ ማየትን መረጠች። ካነሳቻቸው ምሳሌዎች አንዱ ቱርክ ውስጥ ያለችው አላኒያ ናት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ 100 የሚያህሉ አጥማጆች በጥሩ ጥሩው ቦታ ይጣሉ ነበር፤ ድብድብ ሁሉ ነበር። ከዚያ ራሳቸው መላ ፈለጉ። የማጥመጃ ቦታዎቹን በስም ዘረዘሩ። የአንዱ መረብ የሌላውን ዓሣ እንዳይዘጋ በቂ ርቀት አስቀመጡ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ዕጣ ይወጣል። ከዚያ እስከ ጥር ድረስ እያንዳንዱ ጀልባ በየቀኑ አንድ ቦታ ወደ ምሥራቅ ይሸጋገራል፤ ከጥር እስከ ግንቦት ደግሞ ወደ ምዕራብ። ስለዚህ ጥሩው ቦታ ለሁሉም በተራው ይደርሳል። ፖሊስ አያስፈልግም። ዛሬ ጥሩው ቦታ የደረሰው ሰው ሌላ ሰው ገብቶበት ቢያገኝ ዝም አይልም፤ ሌሎቹም ተራቸው እንዳይነካ ስለሚፈልጉ ከእሱ ጋር ይቆማሉ። ይህ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ እየሞከሩና እያረሙ ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

ኦስትሮም በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ስትወስድ በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። እንዲህ ያለው ስምምነት የሚሠራው ውጪ ያለውን ሰው መከልከል ሲቻል ነው። መንደሩ ተስማምቶ ቦታ ቢያሳርፍና ሌሊት ከሌላ ቦታ የመጣ ትልቅ መርከብ ቢጠርገው በማግስቱ ስምምነቱ ይፈርሳል። ሰው የሚቆጥበው ነገ እንደሚያገኘው ሲተማመን ነው። ቺሊ በ1991 ባወጣችው ሕግ ለአጥማጅ ማኅበራት በዳርቻው ላይ የተወሰነ የባሕር ወለል ለብቻቸው እንዲያስተዳድሩ መብት መስጠቷ ለዚህ ነው። በጃፓንም የዳርቻው የማጥመድ መብት በሕግ የተሰጠው በየአካባቢው ላሉ የአጥማጆች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው።

ትልልቆቹ

የእስካሁኑ ወሬ ሁሉ ስለ ትንሹ ሰው ነበር። ባሕሩን ብቻውን እንዳልጨረሰው ግን መናገር አለብኝ።

ካናዳ ውስጥ ኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ያሉ ትንንሽ አጥማጆች በ1980ዎቹ የኮድ ዓሣ እያነሰና እየጫጨ መምጣቱን ይናገሩ ነበር። መንግሥት ግን በይበልጥ የሚያምነው ከጥልቁ ባሕር ትልልቅ መርከቦች የሚመጣውን ቁጥር ነበር። እነዚያ መርከቦች ደግሞ ዓሣው የተሰበሰበበትን እየፈለጉ ስለሚያጠምዱ እስከ መጨረሻው ድረስ ብዙ ዓሣ ያለ ያስመስላሉ። በሐምሌ 1992 ማጥመዱ በሙሉ ተዘጋ። ወደ 30,000 ሰው ሥራ አጣ። ለሁለት ዓመት ይሆናል የተባለው እገዳ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2024 ነው የተነሳው።

ገንዘቡም ያዳላል። መንግሥታት በ2018 ለዓሣ ዘርፍ ያወጡት ድጎማ ወደ 35 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። ከዚህ ውስጥ ወደ 22 ቢሊዮን የሚጠጋው እንደ ነዳጅ ድጎማ ያለ፣ ማጥመድን የሚያበረታ ነው። ለትንንሾቹ የሚደርሰው ከአምስት እጅ አንዱ ቢሆን ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አገሮች ጎጂ ድጎማን የሚገድብ ስምምነት በሰኔ 2022 አጽድቀዋል፤ በሥራ ላይ የዋለው በመስከረም 2025 ነው።

በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ፣ በሞሪታኒያ፣ በሴኔጋልና በጋምቢያ፣ ሌላ ጣጣ መጥቷል። ሴቶች በጭስ አድርቀው ለሕዝቡ የሚሸጡት ሰርዲኔላ የሚባል ትንሽ ዓሣ ወደ ዓሣ ዱቄት ፋብሪካ እየገባ ነው። አንድ ኪሎ ዱቄት ለመሥራት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዓሣ ያስፈልጋል። ዱቄቱ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለእርባታ ዓሣና ለከብት መኖ ይሆናል። ፋብሪካው ከሴቶቹ የተሻለ ዋጋ ሲሰጥ አጥማጁ ለፋብሪካው ይሸጣል። ሴቶቹ ምድጃቸው ቀዝቅዞ ይቀመጣሉ። ከአጥማጁ ጎን ካየነው ዋጋ ጨመረ፤ ቤቱን ካየነው ደግሞ የሚስትየዋ ሥራ ተዘጋ።

ታዲያ ማረፍ የሚቻለው መቼ ነው?

ብራዚል አንድ መንገድ አላት። ዓሣ በሚራባበት ወቅት ማጥመድ ሲከለከል የተመዘገቡ ትንንሽ አጥማጆች በየወሩ አንድ ዝቅተኛ ደመወዝ ያገኛሉ። በ1991 በሕግ የተጀመረ ነው። ያልተገባው ሰው እየተመዘገበበት ብዙ ወቀሳ ገጥሞታል፤ መሠረታዊ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። እረፍ ካልከው የሚበላውን አብረህ አስብ።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን የማዳጋስካሩ ነው። በደቡብ ምዕራብ ዳርቻ አንዳቫዱአካ የምትባል መንደር አለች። ሴቶችና ልጆች ውኃው ሲሸሽ ኮራሉ ላይ እየወጡ ኦክቶፐስ ያድናሉ። ገዢ ኩባንያዎች ከመጡ በኋላ ኦክቶፐሱ እያነሰ፣ መጠኑም እየቀነሰ መጣ። በ2004 መንደሩ ከአንድ የጥበቃ ድርጅት ጋር ተነጋግሮ አንድ ቦታ ለጥቂት ወራት ዘጋ። ኦክቶፐስ በጣም ቶሎ የሚያድግ እንስሳ ነው። ዕድሜው አጭር ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ክብደቱ በእጥፍ በእጥፍ ይጨምራል።

ቦታው ሲከፈት የተገኘው ጥሩ ነበርና ሌሎች መንደሮች ተከተሉ። በ2015 የታተመ ጥናት 36 እንዲህ ያሉ መዝጊያዎችን መረመረ። ከመዘጋቱ በፊት ከነበረው አንድ ወር ጋር ሲነጻጸር፣ በተከፈተ በአንድ ወር ውስጥ የተያዘው ኦክቶፐስ ከ700 በመቶ በላይ ጨምሯል። ከኦክቶፐስ የሚገኘው የመንደሩ ገቢም ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እኔ ያሰመርኩበት ግን ሌላው ውጤት ነው። ቦታው ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ የመንደሩ ገቢ ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላሳየም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የዘጉት መንደሩ ከሚያጠምድበት ቦታ አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ብቻ ነበር። አራት አምስተኛው ክፍት ነው። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ይዘው የሚሄዱበት አላጡም፤ ማታ ቤት የሚገባ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጨምር። ከ20 በላይ መንደሮች ተሰባስበው ቬሎንድሪያኬ የሚባል የራሳቸውን የባሕር ጥበቃ ክልል አቋቋሙ። ስሙ በቋንቋቸው ከባሕር ጋር መኖር ማለት ነው። ዲና በሚሉት ባህላዊ ሕጋቸው በመርዝ ማጥመድን ከለከሉ። ከዚያም ኮራሉ ላይ የተወሰኑ ቦታዎችን ለጥቂት ወራት ሳይሆን ለዘለቄታው ዘጉ።